ለአንድ ኮምፒውተር የተሰፋ ቅጥያ

እትዬ ካረፈች አራት ወሯ ነው። ስለ እሷ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የሆስፒታሉ አልጋ መሆን ነበረበት፤ ግን አይደለም። የሚመጣብኝ አንድ እሁድ ነው። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠውን ኮምፒውተር እንደ ሌባ ስታየው።

እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ በስፌት መኪናዎቿ መሀል፣ በጨርቅ ቁርጥራጭ ላይ እያስተኛች። የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ሆኜ፣ ጭንቅላቴ የበሩን መቃን ሊነካ ምንም ሳይቀረው እንኳ «ሚጢ» ነበር የምትለኝ። ስፌት ልታስተምረኝ ብዙ ደክማለች፤ እጄ እንቢ አለ። አንዴ የሰፋሁት ኮት ሁለቱም እጅጌዎቹ የግራ ሆነው ወጡ። ኮቱን አንጠልጥላ ዙሪያውን አየችውና «አንቺ ከጨርቅ ራቂ፣ ሌላ ነገር ፈልጊ» አለችኝ። ኮምፒውተር ፈለግኩ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከኢንተርኔት እየለቃቀምኩ፣ እያበላሸሁ፣ እየጠገንኩ ለመድኩት። ያበላሸሁት በአብዛኛው የእሷን ነው።

ሱቁ ሦስት ክፍል ነው። ከፊት መስታወትና መጋረጃ ያለው፣ ደንበኛ የሚለካበት ክፍል አለ። መሀል ላይ አራቱ የስፌት መኪናዎች፤ ከኋላ ትልቁ የመቁረጫ ጠረጴዛ። የኋለኛው ክፍል ጌታ ቆራጩ ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ሰው ሁሉ «ጋሽ መቀስ» ይላቸዋል። ከእትዬ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል፤ ሃያ ስድስቱንም ዓመት ተጨቃጭቀዋል። ያልተጨቃጨቁ ቀን አንዳቸውን አሟቸዋል ማለት ነው።

እትዬ በአርባ ዓመት ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት ፓተርን ሠርታለች። ፓተርን የምለው ጨርቁ ላይ ተዘርግቶ የሚቆረጥበትን የወረቀት ልክ ነው። እንደ ምንጣፍ ተጠቅልለው ጣራ ሥር ተደርድረው ነበር፤ እርጥበት ይበላቸዋል። «ኮምፒውተር ላይ እናስገባቸው» ያልኩት እኔ ነኝ። ስምንት ወር ሙሉ ከምሳ በኋላ እየተቀመጠች፣ ማውሱን እንደ ካውያ በሙሉ መዳፏ ጨብጣ፣ አንድ በአንድ ሳለቻቸው። ስትጨርስ «እንግዲህ የሻገተውን ወረቀት ጣይው፣ አያስፈልግሽም» ብዬ ያስጣልኳትም እኔው ነኝ። ይህንን ብረሳው እንኳ እሷ አታስረሳኝም ነበር።

ዲስኩ ማንኳኳት ሲጀምር መጀመሪያ የሰሙት ጋሽ መቀስ ናቸው።

«ሚጢ፣ ይሄ ነገርሽ ጥርሱን ያፋጫል» አሉኝ።

ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ዝም ይላል፤ ደግሞ ቀጭ። ዲስክ እንዲህ ሲያደርግ ሊሞት ነው። ፓተርኖቹ ደግሞ ከዚያ ዲስክ በቀር የትም የሉም።

ፍላሽ ላይ ልገለብጣቸው ሞከርኩ። ትልቅ ቅጂ ስጀምርበት ዲስኩ ይደነዝዛል፣ ሁሉ ነገር ይቆማል፣ እንደገና መነሳት ግድ ይሆናል። ደግሞም እትዬ ፍላሽ የሚባል ነገር እንዲነሳባት አትፈልግም፤ ባለፈው ዓመት አንዱ የደንበኛ ኮት ኪስ ውስጥ ገብቶ ከነኮቱ ተተኩሷል። ስለዚህ የሚጻፈውን ሁሉ በትንሽ በትንሹ፣ ያቃተውን እየደጋገመ፣ እኛ ሳንነካው ወደ ሌላ ቦታ የሚያሻግር ነገር ያስፈልገን ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱንም ጠርቼ ነገሩን አስረዳኋቸው።

ኮምፒውተሩ ላይ ክላስተር የሚባል ነገር ተክዬ ነበር። ፕሮግራሞቹ እያንዳንዳቸው ኮንቴይነር በሚባል በየራሳቸው ሳጥን ይሠራሉ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላውን አይነካም። ክላስተሩ ከላይ ሆኖ ያስተዳድራቸዋል። ክላስተር ማለት እንግዲህ የኮምፒውተሮች ስብስብ ነው፤ የእኛ ግን አንድ ብቻ ነበር። ለአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ ብትሉኝ፣ አላስፈለገም። መማር ስለፈለግኩ ነው።

«ስብስብ ካልሽ ሌሎቹ የት አሉ?» አሉ ጋሽ መቀስ።

«ሌላ የለም። አንድ ነው።»

«አንድ ሆኖ ተሰበሰበ?»

«አዎ።»

«ሊቀመንበሩም እሱ፣ ጸሐፊውም እሱ፣ እጅ የሚያወጣውም እሱ። ደህና ማኅበር ነው፤ ጭቅጭቅ የለበትም።»

«አንተ አባል ብትሆን ይኖረው ነበር» አለች እትዬ። «ተዋት፣ ትናገር።»

«ክላስተሩ ላይ ቅጥያ የሚሉት ተጨማሪ ፕሮግራም እጨምርለታለሁ» አልኩ። «ቅጥያው ከክላውድ ነው የሚመጣው፤ የሚያድሱትም የሚቆጣጠሩትም ከዚያው ሆነው ነው። እዚህ የምንጽፈውን እየተቀበለ ወደ ክላውድ ያወጣዋል። ዲስኩ ቢሞት ፓተርኖቹ እዚያ ይቆያሉ።»

«ክላውድ የምትይው የማን ቤት ነው?» አለች እትዬ።

«የትልቅ ድርጅት። ብዙ ሺህ ኮምፒውተር ያለበት ሕንፃ።»

«ታዲያ ሕንፃ ነው በሉታ። ደመና እያሉ ሰው ያስደነግጣሉ።» ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጠቀለለች፤ ስታስብ እንዲህ ታደርጋለች። «የእነሱ ዲስክ አይሞትም?»

«ይሞታል። ግን ቅጂውን ብዙ ቦታ ነው የሚያስቀምጡት።»

«እነሱ ወረቀቱን አልጣሉትማ» አለች።



በእትዬ ቤት ያለ ትእዛዝ ወረቀት መርፌ አይነሳም። ለጓደኛዋም ይሁን ለከንቲባ፣ መጀመሪያ ወረቀት ይሞላል፣ በር ላይ ካለው ምስማር ይሰካል፣ ከዚያ ወደ ቆራጩ ይሄዳል፣ በመጨረሻ እሷ በንጹህ ትገለብጠዋለች። ለኮምፒውተሩም እንዲሁ እንዲሆን አዘዘችኝ። ሞላሁት። ደንበኛ፦ ኮምፒውተር። የልብሱ ዓይነት፦ ቅጥያ። ልክ፦ ለፓተርን ሃያ ጊጋባይት፣ ለደንበኞች ልክ ስምንት፣ ለቀጠሮ አራት። ድምሩ ሠላሳ ሁለት ነው፤ ዲስኩ ላይ ያለው ባዶ ቦታ ሠላሳ ስድስት። ይበቃል። ወረቀቱን ምስማሩ ላይ ሰክቼ፣ ቤቴ ገብቼ፣ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

እሁድ ጠዋት ሱቁ ዝግ ነው። ሰፊዎቹ የሉም፤ እትዬ፣ ጋሽ መቀስና እኔ ብቻ ነን። ጋሽ መቀስ ምንም ሥራ ሳይኖራቸው ነው የመጡት። «መቀሴን ረስቼ ነው» አሉ። መቀሳቸው እጃቸው ላይ ነበር።

ስክሪኑን የልብስ ቁልፍ ሳጥኖቹ መደርደሪያ ላይ አቁሜ ጀመርኩ። የአጫጫኑ መመሪያ አንድ ቦታ ላይ መንታ መንገድ አለው፦ ሦስትና ከሦስት በላይ ኮምፒውተር ያላችሁ በዚህ ሂዱ፣ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ያላችሁ በዚያ። ሦስት ያለው ሰው ቅጂውን እርስ በርስ ያስይዛቸዋል፤ አንድ ያለው ግን ባለው ዲስክ ይብቃቃል። የድሆቹን መንገድ መረጥኩ። ከዋናው በፊት ደግሞ የመታወቂያ ወረቀት እያወጣ የሚያድል ትንሽ ቅጥያ መግባት አለበት፤ ፕሮግራሞቹ በእሱ ነው የሚተዋወቁት።

«ቅጥያው ራሱ ቅጥያ አለው?» አሉ ጋሽ መቀስ ከትከሻዬ በላይ።

«ገበር ነው» አለች እትዬ። «ከውስጥ ይገባል፣ ማንም አያየውም፣ ከሌለ ግን ኮቱ አይቆምም። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተህ ይሄ ጠፋህ?»

ስለዚያ ቅጥያ ብዙ ጽሑፍ አንብቤአለሁ፤ እንዲህ ጥርት አድርጎ የነገረኝ አልነበረም። ገበሩ ገባ። ከዚያ ዋናው። እትዬ ከንጹሁ ወረቀት ቁጥሮቹን ጮክ ብላ አነበበችልኝ፣ እኔ መታሁ። ትናንት የጻፍኩትን ቁጥር ዛሬ የማያስታውስ ጭንቅላት ነው ያለኝ፤ ደግሞም እትዬ ያነበበችው ቁጥር በዚያ ቤት ተጠርጥሮ አያውቅም። አስገባሁት።

ስክሪኑ ላይ «በመጠበቅ ላይ» የሚል ወጣ።

ጠበቅን። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። በመጠበቅ ላይ።

«ማንን ነው የሚጠብቀው?» አሉ ጋሽ መቀስ።

«አላውቅም።»

«ሌላ አባል እንዳይሆን። ስብሰባው አልሞላ ብሎት።»

አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። በመጠበቅ ላይ። ገበሩን አውጥቼ መለስኩት። በመጠበቅ ላይ። ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ፤ እንደ እኔ የተቸገረ አንድ ሰው አገኘሁ፤ ችግሩን ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል፣ አንድ በአንድ የእኔ ነው። ደስ ብሎኝ ወደ ታች ወረድኩ። «ተስተካክሏል፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ሄዷል። እንዴት እንደተስተካከለ አልተናገረም። የዚያን ሰው ስም እስካሁን አልረሳሁትም፤ ለደግ አይደለም።

እትዬ አንድ ጃኬት ይዛ ቁልፍ ትሰፋለች። ቁልፉ ቀድሞም ተሰፍቶ ነበር፤ ፈትታ ነው እንደገና የምትሰፋው። ከጠረጴዛው ሥር ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ በሚያንኳኳ ቁጥር መርፌዋ ቆም ይላል። አንድ ጊዜ ቀጭታው ተከታተለና ስክሪኑ ጭራሽ ደረቀ። ማውሱን ብነቀንቅ አይሰማም። አንድ ደቂቃ ያህል እንዲሁ ቆየ።

እትዬ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ሚጢ፣ ከሄደ ንገሪኝ» አለች። «እንዳታባብዪኝ።»

«አልሄደም።»

«እሺ።»

ስክሪኑ ተመለሰ። ጃኬቱን ሳየው ቁልፉን ከቁልፍ ቀዳዳው አራት ጣት አርቃ ሰፍታዋለች። እንዲህ ያለ ስህተት ከእሷ አይቼ አላውቅም። ጋሽ መቀስም አዩት። በእንዲህ ያለ ነገር አንድ ወር የሚቀልዱ ሰውዬ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔ ያኔ ነው የፈራሁት። ወረቀቶቹን ወደ ቆሻሻ መኪናው በገዛ እጄ ተሸክሜ ያወጣሁበት ጠዋት ዓይኔ ላይ መጣ።

መጀመሪያ ማየት የነበረብኝን ያን ጊዜ አየሁ። ክላስተሩ የሚያደርገውን ሁሉ የሚጽፍበት ረጅም መዝገብ አለ፤ ሰው የማያነበው ስለሚያሰለች ነው። ወደ ታች ወረድኩ። የተጠየቀ ቦታ፦ አርባ አራት። ያለ ቦታ፦ ሠላሳ ስድስት።

«አርባ አራት ከየት መጣ?» አልኩ ለራሴ።

«ምን አርባ አራት?» አለች እትዬ።

«እንደሚበቃ ደምሬ ነው የጻፍኩት። ወረቀቱን አሳዪኝ።»

ንጹሁን ወረቀት ሰጠችኝ። ለፓተርን ሃያ አራት። ለልክ አሥራ ሁለት። ለቀጠሮ ስምንት። ሦስቱም በሚያምር ክብ ተከበዋል።

በዚያ ቤት ያደግኩ ሆኜ፣ ይህን መርሳቴ ያሳፍረኛል። የቤቱ ሥርዓት እንዲህ ነው። ሰው ሲለካ የሚጻፈው እርቃኑን ያለ ልክ ነው፤ ልብሱ ግን ሲሰፋ ጠርዙ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ ትርፍ ያስፈልገዋል። ትርፉን የጨመረ ሰው ቁጥሩን ይከበዋል። ያልተከበበ ቁጥር እጁ የገባ ሁሉ ሁለት ጨምሮ ይከባል። እኔ ቁጥሮቼን ሳልከብ ምስማሩ ላይ ሰክቼ ሄጃለሁ።

የመጀመሪያውን ወረቀት ከቅርጫቱ አወጣነው። ጋሽ መቀስ በቀይ እርሳስ ሃያውን ሃያ ሁለት፣ ስምንቱን አሥር፣ አራቱን ስድስት አድርገውታል።

«ይኸው ትርፉን ጨምሬ ከብቤአለሁ» አሉ። «የኔ ሥራ ንጹህ ነው።»

እትዬ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። «ይሄ ነው ክብ?»

«ምን ሆነ?»

«አፉ አልተገጠመም። ይሄ የፈረስ ኮቴ ነው። እኔ ቤት ያልተገጠመ ክብ ክብ አይደለም፤ ስንት ጊዜ ነገርኩህ? አልተከበበም ብዬ እኔ ሁለት ጨመርኩበት።»

«ታዲያ ማነው ያጠፋው? አንዴ ትርፍ የገባበት ላይ ትርፍ የጨመርሽው አንቺ።»

«ኮቴ የሳልከው አንተ።»

«ቆይ፣ ቆይ» አልኩ። «ጋሽ መቀስ፣ ኮምፒውተር እኮ ነው። ጊጋባይት ላይ የስፌት ትርፍ ምን ይሠራል?»

ጋሽ መቀስ በእውነት ተገርመው አዩኝ። «ሲታጠብ ቢሰበሰብስ?»

መጀመሪያ የሳቀችው እትዬ ናት። ሳቋ ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ከዚያ እኔ። ጋሽ መቀስ ትንሽ ቆይተው፣ ለምን እንደሳቅን ሳይገባቸው፣ ላለመቅረት ሳቁ። ሁለቱ ከዚያ በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ተስማሙ፤ የእኔ ነው። ቁጥሩን ሳይከብ የሚሄድ ሰው እኔ ብቻ ነኝ አሉ። በሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ነው።

«አጥብቢው» አለችኝ እትዬ።

ቁጥሮቹን ወደ ሃያ፣ ስምንትና አራት መለስኳቸው። ከመምታቴ በፊት ወረቀቱን ሰጥታ፣ እጄ ላይ ቆማ፣ ሦስቱንም አስከበበችኝ። አስገባሁት። በመጠበቅ ላይ። በመጠበቅ ላይ። ከዚያ ዝግጁ።

ወንበሬን ቀስ ብዬ አስጠጋሁ፤ እንዳይሰማና ሐሳቡን እንዳይለውጥ የፈራን ይመስል።

ፓተርኖቹን አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ቦታ ማስተላለፍ ጀመርኩ። እያንዳንዱ እንደገባ ቅጥያው ተቀብሎ ያወጣዋል፤ ዲስኩ ሲደነዝዝ ይታገሳል፣ ሲነቃ ይቀጥላል። ስማቸው በስክሪኑ ላይ ያልፋል፣ እትዬ ትከተላለች። ፓተርኖቿን የምትሰይመው በሰው ነበር። አንድ ትከሻው ዝቅ ያለው መምህር ጃኬት። የመንታዎቹ ሱሪ። ክንዷ የተሰበረው ነርስ ጋውን። ዘወትር ተቀምጦ የሚውለው ሾፌር ካፖርት።

«እሱ ሰውዬ አግብቶ ሄደ» ትላለች። «ይቺ ደግሞ ሁለት ጊዜ አስጠበበች፣ ሦስት ጊዜ አስሰፋች። ሕይወቷን ከወገቧ ማወቅ ይቻላል።»

ጋሽ መቀስ ፊት ለፊት ያለው ክፍል ገብተው፣ ከዚሁ ኮምፒውተር ጋር የተያያዘ፣ ደንበኛ የምንመዘግብበት ትንሽ ስክሪን ላይ ተቀምጠዋል። «ከዚህም ላየው ብዬ ነው» አሉ።

ሦስት ሰዓት ገደማ ፈጀ። ወረፋው ባዶ ሆነ። «አለቀ» አልኩና ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ።

«አጥፊው» አለች እትዬ።

«ምኑን?»

«ኮምፒውተሩን። ልብሱን ደንበኛው ለብሶት ሳላይ አለቀ አልልም። አጥፊውና ፓተርኖቼን ከሕንፃው አምጪልኝ።»

«እትዬ፣ ያረጀ ዲስክ አንዴ ከጠፋ ላይነሳ ይችላል።»

«ላይነሳ ከሆነ ዛሬውኑ ልወቀው። እሁድ ነው፣ ደንበኛ የለብኝም። ሰኞ ሰው መስታወት ፊት አቁሜ ልወቀው?»

አጠፋሁት። ቀጭታው ቆመ። ለሁለት ሳምንት ስንሰማው ስለቆየን ዝምታው ጆሮ ላይ ከበደ። ስልኬን አወጣሁ፣ ገባሁ፣ ከፈትኩ። ፓተርኖቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። የመምህሩን ጃኬት ነካሁትና ስልኩን ለእትዬ ሰጠኋት።

ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው። በጣቷ ትከሻውን አሰፋችው። ያኛው ዝቅ ያለው ትከሻ ዝቅ ብሎ ነበር፤ እሷ ከሃያ ዓመት በፊት እንደለካችው። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በከንፈሯ አነበበች። ከዚያ ቁጭ አለችና መነጽሯን አውልቃ በገበር ቁራጭ መወልወል ጀመረች፤ በጣም ንጹህ የነበረ መነጽር። ረጅም ጊዜ ወለወለችው። እኔ ሌላ ቦታ አየሁ።

«ስንት ናቸው?» አለች ስትጨርስ።

ቆጠራውን አየሁ። «አራት መቶ አሥራ…» አፌ ላይ ቀረ። «አሥራ አንድ።»

«አሥራ ሁለት ናቸው።»

«አዎ። አንድ ጎድሏል።»

«አብሪው።»

ተጫንኩት። መብራቱ በራ፣ ማራገቢያው ዞረ። ከሥሩ አንድ ጊዜ ቀጭ አለ። ሌላ ምንም አልመጣም። ደግሜ ሞከርኩ፤ ሁለተኛ ጊዜ ያቺ ቀጭታም አልነበረችም። ዲስኩ ሄዷል። ያ ማለት ስልኬ ውስጥ ከሚታዩት በቀር በዚህ ዓለም ላይ የእትዬ ፓተርን የለም፤ ከእነሱም አንዱ የለም።

«ሄዷል» አልኳት። አላባበልኳትም።

«አራት መቶ አሥራ አንዱ ግን አሉ።»

«አሉ።»

«አምጪው ስልኩን» አለች፤ ፊቷ ላይ የፈራሁት ነገር አልነበረም። «ማን እንደቀረ ልየው።»

ዝርዝር የላትም፤ ሁሉም ጭንቅላቷ ውስጥ ነው። ስሞቹን እያሳለፈች ትጠራለች፣ አለ ትላለች፣ ታልፋለች። ግማሽ ሰዓት ሆነ። ጋሽ መቀስ ከፊት ክፍል መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። መቀሳቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

እትዬ ስልኩን አስቀመጠች።

«መቀስ» አለች። «ያንተ ሱሪ የለም።»

«የማን? የኔ?»

«አራት መቶ አሥራ አንድ ሰው በሰላም ተሻግሮ፣ አንተ ብቻ ቀረህ። ምን አደረግክ?»

ጋሽ መቀስ መቀሳቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዘዋወሩ። «ምንም አላደረግኩም። ከፍቼ አየሁት፣ በቃ።»

«የት?»

«እዚያ ፊት ለፊት። ትንሽ ላስተካክለው ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ቅጥያው የተከፈተ ፋይል አይወስድም፤ ተጽፎ እስኪያልቅና እስኪዘጋ ይተወዋል። መመሪያው ላይ አንብቤው ነበር፤ ለእነሱ መንገሩን ረሳሁ። ጋሽ መቀስ ከፊት ክፍል ሦስት ሰዓት ሙሉ የራሳቸውን ሱሪ ከፍተው ይዘው ነበር።

«ምኑን ነው የምታስተካክለው?» አለች እትዬ።

«ወገቡን።»

«ወገቡ ሰማንያ ስድስት ነው። እኔ ነኝ የለካሁት።»

«መቼ?»

አሰበች። «ሚጢ ትምህርት ቤት ስትገባ።»

ሚጢ የተባልኩት እኔ የበሩን መቃን ተደግፌ ቆሜ ነበር፣ ጭንቅላቴን ጎንበስ አድርጌ። እትዬ እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ ደግሞ እኔን አየች።

«ና ቁም» አለቻቸው።

«አያስፈልግም። ዘጠና አራት ብለሽ ጻፊ፤ ከልቤ ነው የምነግርሽ።»

«የሰው ቃል አልቆርጥም እኔ። ቁም።»

ጋሽ መቀስ መስታወቱ ፊት ቆሙ። ሃያ ስድስት ዓመት ሌላውን ሰው ሲቆርጡ የኖሩ ሰውዬ፣ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። እትዬ ተንበርክካ ሜትሯን በወገባቸው አዞረች። ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ፣ ደረታቸው ተነፋ፣ ፊታቸው ቀላ።

«ተንፍስ» አለች።

«ተንፍሻለሁ።»

«መቀስ፣ ተንፍስ። እኔ የምሰፋው ለሚተነፍስ ሰው ነው።»

ትንሽ ተሟገቱ በዓይናቸው። ከዚያ ተነፈሱ። ሜትሩ ከጣቶቿ መሀል እየተንሸራተተ ሄደ፤ እሷም እስኪቆም ጠበቀችውና ወደ እኔ ዞራ «ዘጠና ዘጠኝ» አለች፣ እንደማንኛውም ቁጥር። በዚያ ሁሉ ቀን ሳትቀልድበት ያለፈችው ይህንን ብቻ ነው።